ነጭ ሲወጣ እልል

ክረምት ሲመጣ ሁለት ነገር ይሞላል፤ ወንዝና ቤት። ወንዙን ጎርፍ ይሞላዋል፣ ቤቱን ደግሞ ትምህርት የተዘጋባቸው ልጆች። የትኛው ያስፈራል ብትሉኝ፣ አራት ልጅ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም እላችኋለሁ።

ያኔ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። እንደ ማንኛውም የሰለጠነ አባት ለልጆቼ የሰዓት ዕቅድ አወጣሁላቸው፤ ጠዋት ጥናት፣ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ። የአቃቂ ሰማይ ግን ዕቅዴን ከየት ይወቀው? ለጥናት ሲቀመጡ ፀሐይ፣ ለጨዋታ ሲወጡ ዝናብ ሆነ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ታግሣ ታግሣ፣ ሰዓቱን ለመጋዘኑ ተውለትና እኛ በሰማዩ እንመራ አለችኝ።

ዘዴዋ ቀላል ነበር። ልጆቹ የሚጫወቱት ከወንዙ ማዶ ባለው መስክ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆነው የግቢያችን የልብስ ገመድ ይታያቸዋል። ፀሐይ ስትወጣ ነጭ አንሶላ ትሰቅላለች፤ ተጫወቱ ማለት ነው። ደመናው ሲጠቁር ቀይ የአልጋ ልብስ ትሰቅላለች፤ ውሃው ሳይሞላ ተሻግራችሁ ለጥናት ግቡ ማለት ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደደውና በኛ ገመድ መተዳደር ጀመረ።

እስቲ አሁን እናንተው ፍረዱ። ቀይ ሽብር፣ ነጭ ሽብር እየተባለ ሰው በሚያልቅበት ዘመን፣ የሰፈር ልጅ ተሰብስቦ «ነጭ ወጣ! እልል!» ሲል፣ ቀይ ሲሰቀል ደግሞ «ኧረ ቀይ መጣብን!» ብሎ ሲያለቅስ፣ የሚሰማው ጆሮ ምን ይላል? እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ አልሰማሁም። ጥሩነሽም የልጅ ጨዋታ ነው ብላ አለፈችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኛን ግን ያልፈራነው ደረሰብን።

አንድ ቀን ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ በራችን ላይ ቆሞ፣ የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር ይፈልጉሃል አለኝ። ለምን ብሎ መጠየቅ ያኔ የጀግና ሥራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጀግና ሆኜ አላውቅም። ጥሩነሽ ጋቢዬን አመጣችልኝ። ገና ቀትር ነው፣ ብርድ የለም። ጋቢ የሚያዘው ለማደር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ትንሿ ልጄ አባዬ መቼ ትመጣለህ ስትለኝ ጋቢዬን በክንዴ ይዤ ጠባቂውን ተከተልኩ።

ቀበሌ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ጠባቂውን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ለነጩ እልል ያስባለ፣ በቀዩስ ያስለቀሰ ማነው አለኝ። ስለ አንሶላው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንዙ ለፈለፍኩ፤ ከፈለጉ ዝናቡንም እናስቆመዋለን ለማለት ምንም አልቀረኝም። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የኔም ልጆች አብረው እልል ብለዋል! ቀና ብዬ ሳየው ግንባሩ በላብ ርሷል። ለካ ከሱም በላይ የሚጠራው አለ፤ ለሱም ጋቢ የምታወጣ ሚስት ቤቱ ተቀምጣለች።

ወዲያው ውሳኔ አስተላለፈ፤ ቀለሙ ይገልበጥ። ቀይ ለጨዋታ፣ ነጭ ለጥናት። ጋቢዬን ታቅፌ ወደ ቤቴ በረርኩ።

እሑድ ዕለት ቀዩ ሲሰቀል ልጆቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እኛም ተነፈስን። ከሰዓት በኋላ ግን ሰማዩ ጠቆረ፣ ወንዙም ከላይ ማጉረምረም ጀመረ። ጥሩነሽ ነጩን አንሶላ ይዛ ገመዱ ሥር ቆመች፤ እጇ ግን አልነሣ አላት። ያ አብዮት ጠባቂ ከመንገዱ ማዶ ያያታል። እሱ እያየ ቀዩን አውርዶ ነጭ መስቀል! እኔም ተይው ብያት ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ ቀድሞኝ ደርሷል። ውሃው ደፍርሶ የመሻገሪያውን ደንጊያ መሸፈን ጀምሯል፤ ልጆቻችን ማዶ ናቸው። ኑ፣ ተሻገሩ ብለን ጮኽን። እነሱም በአንድ ድምፅ፣ ቀዩ መች ወረደ ብለው መለሱልን።

ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። ቀዩን አውርዱ የሚለውን ቃል ከአፉ የሚያወጣ ከሁለታችን ጠፋ። ጎርፉ ይሻለናል ብለን ሱሪያችንን ሰብስበን ገባንበት።