ዜና ዩስሪዛል፦ የባቡር ሐዲድ እስከ እኩሌታው ስለ መሻገራቸው

በፈጣሪ ፈቃድ፣ እቴጌ ሮስማይኒ በፓሪያማን ከተማ በእናታቸው ቤት በነገሡ በሠላሳኛው ዓመት፣ እርሱም የባሕር ነፋስ የጎረቤትን ቆርቆሮ ነቅሎ ወደ ጓሯችን የጣለበት ዘመን፣ ልጃቸው ኃያል ዩስሪዛል፣ መጋቤ ፍሪጅ ወቬንትሌተር፣ የፈቱትን ሁሉ መልሰው የሚገጥሙ፣ አንድ ብሎን ግን ሁልጊዜ የሚተርፋቸው፣ የፈጸሙት ገድል ይህ ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ዩስሪዛልም እኔው ነኝ። የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው ፈልጌ ስላጣሁ ራሴን አንቱ እያልሁ ጻፍሁ።

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቤት፣ አያቶቿ ከጃቫ መጥተው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የቆፈሩ፣ ልብስ ሰፊዋ ልዕልት ሬትኖ ትኖር ነበር። እርሷና ኃያሉ ወዳጆች ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ባሕር ዳር ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ ከአንድ ወረቀት ይበሉ ነበር። ወእምዝ ፍቅር በኃያሉ ልብ በገባ ጊዜ ያሳዩት ጀግንነት መጠበቅ ሆነ። በፓሪያማን ወንድ አይጠይቅም፤ የሴቲቱ ወገኖች መጥተው ከእናቱ ወንድም ይጠይቁታል እንጂ። ስለዚህ ዩስሪዛል እሑድ እሑድ ጠጉራቸውን በቅባት አስተኝተው፣ ሽቶ ተረጭተው፣ በር በሩን እያዩ ተቀመጡ። የመጣው ግን ፍሪጁ የተበላሸበት ሰው ብቻ ነበር።

በማዶም የልዕልቲቱ አባት ጌታ ሱካርዲ፣ በጃቫ ሥርዓት ወንዱ መጥቶ ይጠይቃል ብለው፣ እሑድ እሑድ ምንጣፍ አስነጥፈው፣ ሻይ አስፈልተው ይጠብቁ ነበር። የአንዱ ልማድ ለሌላው ጠፍቶት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት ሌላው በእኔ ሕግ ይመጣል ብሎ ስለ ታበየ ነው እንጂ። እንዲህም ሁለት ቤት እየተጠረገ፣ ሻይ እየቀዘቀዘ፣ የዩስሪዛልም ጠጉር በቅባት ብዛት እየሳሳ ዓመታት አለፉ።

በዚያም ዘመን ወርኃ ጾም ካለፈ በኋላ ከባታም ደሴት፣ ከአንድ የልብስ ፋብሪካ፣ ለልዕልቲቱ የሥራ ጥሪ መጣ። እርሷም ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ዓሣው ቀርቦ ሳለ፣ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ሰኞ ባታም ልሄድ ነው። አባዬም እሺ ብሏል። አትሂጂ የሚለኝ ሰው ካለ አሁኑኑ ይበለኝ!»

ኃያል ዩስሪዛልም ልባቸው «አትሂጂ» እያለ ሲጮህ፣ በታላቅ ግርማ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እ... መልካም ጉዞ። እዚያ ይሞቃል አሉ፤ ቬንትሌተር ያዢ።» ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ምነው ዝም ባሉ ኖሮ!

ልዕልቲቱም በቁጣ ተነሥታ፦ «ቬንትሌተር? አንተ ደንቆሮ! አባዬ ይሄን ሁሉ ዓመት ሻይ ሲያፈላልህ፣ እዚህ ማዶ ሆነህ አንድ ቀን ደጃችንን ረግጠሃል?» አለች። ዩስሪዛልም የተደበቀው ምሬት ገንፍሎባቸው፦ «እኔስ? እሑድ በመጣ ቁጥር እንደ ሙሽራ ተቀብቼ የማንን ቤተሰብ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስልሻል?» አሉ። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ከዚያም ልዕልቲቱ ዓሣውን ጠቅልላ ይዛ ሄደች፤ ኃያሉም ጦማቸውን አደሩ።

ወሬው በሁለቱም ቤት በተሰማ ጊዜ፣ ያለ ቃላቸው በቤታችን ጋብቻ የማይታሰበው የእናታቸው ወንድም ዳቱክ ባስሪል፣ ጥቁር ቆባቸውን ደፍተው አወጁ፦ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ወንድ ከኛ ዘር አልወጣም! እነሱ ይምጡ!» እቴጌ ሮስማይኒ ግን፦ «አንተ ቆብህን ያዝ፣ እኔ ምራቴን ለፋብሪካ አልሰጥም! ሐዲዱ ድረስ እንሄዳለን። ሐዲድ የማንም ቤት አይደለም» ብለው አወጁ።

እሑድ ጠዋት ሠራዊቱ ተነሣ። ከፊት እቴጌይቱ ለክብር የሚታኘክ ቅጠል በናስ ሣሕን ይዘው፣ ቀጥሎ ዳቱክ ባስሪል እያጉረመረሙ፣ ቀጥሎ አክስቶች ከነጃንጥላቸው፣ ከኋላም ፍሪጁን ለጥገና ሰጥቶ እስካሁን ያልተመለሰለት ጎረቤት፣ ዩስሪዛል እንዳያመልጡት በዓይኑ እየጠበቀ ዘመቱ። ሐዲዱ ዘንድ ሲደርሱ እነሆ በማዶ ጌታ ሱካርዲ ቆመዋል፣ ሚስታቸው ሙዝ ከነዘለላው ተሸክመው፣ ልዕልቲቱም በመካከላቸው። እነርሱም ሐዲድ የማንም ቤት አይደለም ብለው ነበር የወጡት።

ባቡር አለፈ፣ መንገዱን የሚዘጋው መከልከያም ተነሣ፣ ማንም ግን አልተንቀሳቀሰም፤ የተሻገረ ጠያቂ ይሆናልና። ያን ጊዜ ዩስሪዛል ልዕልቲቱን ወደ ባታም መርከብ የሚያደርሳት አውቶቡስ ነገ መሆኑን አሰቡ፣ ፈሩም፣ እግራቸውንም አነሡ። የአጎታቸውን ጉርምርምታ ከኋላ እየሰሙ ሐዲዱ መካከል ሲደርሱ ነጠላ ጫማቸው በብረቱና በእንጨቱ መካከል ተቀረቀረ። በአንድ እግራቸው እንደ ሳቢሳ ወፍ ቆመው፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ የገድላቸውን ብቸኛ አዋጅ አወጁ፦ «ሬትኖ፣ አትሂጂ!»

ልዕልቲቱም ቀሪውን መንገድ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ ጫማውን ነቅላ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም አወጀች፦ «ይቺን ቃል ትናንት ብትላት ምን ነበረ? በል አጥልቅና አባዬን ሰላም በል።»

በዚያው በሐዲዱ ላይ ቅጠሉ ታኘከ፣ የመተጫጨት መያዣም ተለዋወጡ፤ ከኛ ወገን ዝገት የበላው የአያቶቻችን ጩቤ፣ ከእነርሱ ጌታ ሱካርዲ በሠርጋቸው ቀን የታጠቁት ባቲክ ጨርቅ። የመከልከያው ዘበኛም፦ «ኧረ ሌላ ባቡር እየመጣ ነው! እዚያው ልትወልዱ ነው እንዴ?» ብሎ አወጀ። ዳቱክ ባስሪል እስከ ዛሬ «እነሱ ናቸው የመጡት» ይላሉ፤ ጌታ ሱካርዲም እንደዚሁ። የሰኞው አውቶቡስ ያለ ልዕልቲቱ ሄደ።

እነሆ ኃያል ዩስሪዛል፣ እኩሌታ ሐዲድ የተሻገሩ፣ በአንድ ጫማ የዘመቱ፣ ባታምን ያለ ጦር ድል የነሡ፣ ስማቸው ከባሕር እስከ ባቡር ጣቢያ ይመስገን! ብዬ ጽፌ ለእጮኛዬ ባሳየኋት ጊዜ፣ የያዘችውን መርፌ ከጥርሷ አውጥታ፦ «እኩሌታ? አንተ እኮ ተቀርቅረህ ነው የቆምከው። የመጣሁት እኔ ነኝ። እንደዛ ብለህ ጻፍ» ስትል አወጀች።

እንደዚያ ብዬ ጻፍሁ። ክብር ለመጣችው፤ ለተቀረቀረውም ምሕረት።