ብረቱ ወይስ ፕላስቲኩ?

ይህ ጉዳይ አንድ ሙሉ የገበያ ቀንና አንድ ጥሩ ደንበኛ አስከፍሎኛል።

እስቲ ንገሩኝ፤ ሰው ዕቃው መሥራቱን ሳይጠይቅ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቀው ለምንድን ነው? ሶዶ ገበያ ይህን ስመራመር ኖሬያለሁ።

ካመጣሁት የልባሽ ቦንዳ ውስጥ ውሃ ውስጥ በአፍ ተነክሰው የሚተነፈስባቸው ሁለት ባለቱቦ ዕቃዎች ወጡ፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ፕላስቲክ። ወሬውን ሰምተው የቆየ ደንበኛዬ፣ የሁምቦው ዓሣ አጥማጅ አቶ ዳና መጡ። የጀልባቸው ሞተር አባያ ሐይቅ ውስጥ ሰምጧል፤ እንጀራቸውም አብሮ። ጠልቀው ሊያወጡት ቆርጠዋል።

ዶማ እንደሚገዛ ሰው ሁለቱንም በድንጋይ መቱ። ብረቱ ጮኸ፤ ፕላስቲኩ ዝም አለ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው ዝም የሚለው?»

«ጋሼ፣ ሊተነፍሱበት እንጂ ሊቆፍሩበት ነው እንዴ? ፕላስቲኩ ቀላል ነው፤ ጥርስ አያደክምም።»

«አንተ ደግሞ! እታች ወርጄ ቢሰበርብኝስ?»

ገበያተኛው ከበበን፤ ግማሹ ለብረት፣ ግማሹ ለፕላስቲክ ተሟገተ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ እንዲህ በነጻነት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወደ አመሻሹ ብረቱ አሸነፈ።

ይሄኔ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው መጣ፤ ድሮ ባሕር ኃይል ነበር። ብረቱን አገላብጦ አየና «ጥሩ ነው» አለ። «የአየር ሲሊንደሩስ?»

«የምን ሲሊንደር?» አሉ አቶ ዳና።

«አየሩ የሚመጣበት ነዋ! ይሄ አፉ ብቻ ነው።»

አቶ ዳና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ነበር፤ ግን ማን ያምነኛል? አቶ ዳና ዛሬ ሳሙና እንኳ ከእኔ አይገዙም።

ሞተሩ አባያ ውስጥ ነው። ሁለቱም መተንፈሻዎች ሱቄ ውስጥ ናቸው።