ጫማ የሚያስወልቅ መነጽር

የገዛ አካል ግትር በቅሎ ነው፤ ሲለምኑት ይቆማል፣ ችላ ሲሉት ይሄዳል። እናንተስ ሐኪም ፊት «ዘና በል» ስትባሉ ይበልጥ ተገትራችሁ አታውቁም? እኔ ላሊበላ ላይ በአስጎብኚነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ለእንግዳ ሁሉ «ደረጃውን እያያችሁ» ስል ኖሬ፣ የወደቅሁት ከገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ነው። የተሰበረው እግሬ ጀሶ ሲፈታ አጥንቴ ገጥሟል፤ ጉልበቴ ግን አልታጠፍ አለ።

ጎረቤት «ወጌሻ ይየው» አለ፣ ባለቤቴ «ጠበል» አለች። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነበር። ጉልበቱ የማይታጠፍ አስጎብኚ በዚያ ሁሉ ዋሻና ደረጃ መካከል ምን ሊሠራ? ሌላ ሙያ ደግሞ የለኝም።

ሆስፒታል ስሄድ ትዕግስት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተቀበለችኝ። የሌለውን ቦታ ያለ አስመስሎ የሚያሳይ ትልቅ መነጽር አላት፤ ጉልበት የማጠፍ ስፖርቱን ሕመም ያስረሳ እንደሆነ እያጠናች ነው። መጀመሪያ ባሕር ውስጥ ከተተችኝ። ዓሣ እያባረርኩ ጉልበቴን እንዳጥፍ ነው ነገሩ። ዕድሜ ልኩን ተራራ ሲያይ የኖረ ላስቴ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው? የሰጠምኩ መስሎኝ ወንበሩን ጨምድጄ ያዝኩ፤ ጉልበቴማ ጭራሽ ገገመ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው የሚያውቁትን ላሳይዎት» አለችና ለጎብኚ ተብሎ በምስል የተቀረጸውን የእኛኑ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ከፈተችልኝ። በጠባቧ መተላለፊያ አለፍኩ፣ ደጃፉ ጋ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እሷ ናት። ጉልበቴን አጥፌ፣ እግሬን ወደ ላይ ስቤ፣ ጫማዬን አውልቄያለሁ።

ታዲያ ጫማ አድርጎ ማን ይገባል?

መነጽሩን ሳነሳ ጫማዬ እጄ ላይ ነው። ትዕግስት የጉልበት መታጠፍ መለኪያዋን ይዛ አፏን ከፍታለች።

«እስቲ ይድገሙት» አለች።

«ገብቻለሁ እኮ ልጄ። የገባ ሰው ምን ያወልቃል?»

ትንሽ አሰበችና «ሲወጡስ አይለብሱም?» አለችኝ።

የተማረች መሆኗን ያመንኩት ያኔ ነው። አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት አሉን፤ ማውለቅ አሥራ አንድ፣ መልበስ አሥራ አንድ። በየቀጠሮዬ በመነጽሩ ሁሉንም ስሳለም ከረምኩ። ማመሙንስ ያመኛል፤ ግን አመመኝ ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልመለስም።

ሥራ በገባሁበት ቀን እውነተኛው ደጃፍ ላይ ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ ታጠፈ። አልዋሻችሁም፣ ዕንባዬ መጣ። ይዤው የመጣሁት ፈረንጅ ግን ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ይህንን አገሬ ሆኜ በመነጽር አይቼዋለሁ» አለኝ።

«ጫማዎን አውልቀው ነበር?»

«ለምን አወልቃለሁ? ሶፋ ላይ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ገና ደጅ ነዎት» አልኩና በርከክ ብዬ የጫማውን ክር ራሴ ፈታሁለት። ጉልበቴ እንደሆነ አሁን ለሁለት ሰው ይበቃል።