ፈጣን ሃርድ ዲስክና የመተማ ሙቀት

ከሳንጃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ቪዲዮ ኤዲት ለማድረግ የሚሆን፣ ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ መምረጥ እንደ እኔ የሚችል ገና አልተወለደም። ሰው ሁሉ እንደ ሰሊጥ ጆንያ በስፋቱ ይገዛል። «ስንት ሰርግ ይይዛል?» ይላል እንጂ «ምን ያህል ይሮጣል?» ብሎ የሚጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ግን ጠየቅሁ። ዕቃ ከድንበር ማዶ ከሱዳኗ ገላባት ከሚያሻግር ነጋዴ ዘንድ ትንሽም ብትሆን ፈጣኗን፣ ደግሞም ኪሴ የቻላትን መርጬ ገዛሁ።

ከዚያ የእትዬ ዘነቡን ልጅ ሰርግ ማቀናበር ጀመርሁ። ፊልሙ እሑድ በቅልቅሉ ላይ ካልታየ ከእንግዲህ ሰርግ ቅረጽ የሚለኝ የለም። ሙሽራዋ ግን ስክሪኑ ላይ አንድ እግሯን እንዳነሳች ደርቃ ቀረች! ጉምሩክ በር ላይ የተገተረ የጭነት መኪና እንኳ ከእሷ ይፈጥናል። ነጋዴውን ከነዘር ማንዘሩ ረገምሁት።

ቅዳሜ እትዬ ዘነቡ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ።

«አንተ፣ ዛሬም ልጄን በአንድ እግሯ አቁመሃታል?»

«ዲስኩ ነው እትዬ፣ ነጋዴው ቀርፋፋ ሸጦልኝ።»

«በል እሱን ተወውና ያችን ማራገቢያ ወደኔ አዙራት፤ ቀለጥሁ እኮ!»

ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካችው ማራገቢያ ገመዷ አጭር ስለሆነ፣ እሳቸው ጋ እንድትደርስ እሷንና ዲስኩን መሰኪያ አለዋወጥኋቸው። ሙሽራዋ እግሯን አሳርፋ መራመድ ጀመረች!

«እሰይ! ምን አደረግኸው?» አሉ።

እውነቱ ይኸው፦ ኮምፒውተሬ ያለው ፊልም በፍጥነት የሚያሳልፍ መሰኪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳምንቱን ሙሉ ሆዴን ለምታራግበው ማራገቢያ ሰጥቻት ነበር።