«ካርታ ይምጣ» የምትለው ዱርሲቱ

በየሃይስኩሉ፣ እግሩ ከአየር ጤና ወዲያ ሳይረግጥ ዓለምን በሙሉ ዞሮ የጨረሰ አንድ ተማሪ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ትምህርት ቤት ካለ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ለእኛ ለሰበታዎቹ የደረሰችን ክብርት ዱርሲቱ ነበረች።

አስራ አንደኛ ክፍል ከፊቴ ነበር የምትቀመጠው። ጠዋት «አካም ቡልቴ?» ብላችሁ እንዴት እንዳደረች ስትጠይቋት «ፈያ፣ ደህና» ትልና የሹራባችሁን አንገት ገልብጣ የተሠራበትን አገር ታነባለች። «ባንግላዴሽ» ትላለች፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊቷ በርቶ። «ዋና ከተማዋስ?» ካላወቃችሁ ደወል እስኪደወል አትለቃችሁም። ከተከራከራችኋት ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ነው ያላት፦ «ካርታ ይምጣ።»

የጂኦግራፊ መምህራችን ቲቸር ገርባ አንድ ቀን «በአፍሪካ በስፋት አንደኛዋ ሱዳን ናት» ብለው ሳይጨርሱ እጇ ወጣ። «ቲቸር፣ ያ ደቡብ ሱዳን ሳትገነጠል በፊት ነው። አሁን አልጄሪያ ናት። ካርታ ይምጣ?» ካርታው መጣ። ካርታውም ያረጀ ስለነበር ከካርታው ጋርም ተጣላች።

የክፍላችን ቆንጆ ኪሩ ድፍረቱን አሰባስቦ «ዱርሲቱ፣ ዓይንሽ ባህር ነው» ያላት ቀንም ነበረ።

«የትኛው ባህር?» አለችው፣ ከልቧ።

ኪሩ ግራ ገባው። «ሙት ባህር» አለ፣ አፉ ላይ የመጣለትን።

«እሱ እኮ ዓሣ አይኖርበትም። ደግሞ ሐይቅ ነው።»

ኪሩ ሁለተኛ አልሞከረም።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ትምህርት ቤቶች የጂኦግራፊ ጥያቄና መልስ ውድድር ሲዘጋጅ ግን ያቺው ነዝናዛ ተስፋችን ሆነች። ሽልማቱ በእግሩ የቆመ፣ የሚሽከረከር ትልቅ የዓለም ካርታ ሉል ነበር። ትምህርት ቤታችን ሉል የለውም። ዱርሲቱ ሉሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ስትመርጥ ሰነበተች፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ብላ ቲቸር ገርባን መጋረጃ ሳይቀር አሳዘዘቻቸው።

ተወዳዳሪዎቹ እሷ፣ ኪሩና እኔ ነበርን። የሾፌሩን የኦቦ ሊቤን ሚኒባስ ይዘን ወደ ቡራዩ ስንሄድ ዱርሲቱ ከኋላ ሆና ትመራለች። «ኦቦ ሊቤ፣ ወደ ሰሜን ይያዙ።»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ግራና ቀኝ ነው» አሏት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ መቀመጫ ያጣው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ዱርሲቱ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች፣ እኛ ከጎኗ እናጨበጭባለን። ቡራዩዎች ቀድመው ከውድድሩ ወጡ። በአንድ ነጥብ እየመራን ሳለ፣ ሁለት ነጥብ ያለው የመጨረሻ ጥያቄ ለሱሉልታ ደረሰ። ከሳቱ ሉሉ የእኛ ነው።

«የካዛኪስታን ዋና ከተማ ማን ትባላለች?»

ጂሬኛ የሚባል ቀጭን የሱሉልታ ልጅ ትንሽ አሰበና «አስታና» አለ።

ዳኛው ወረቀታቸውን አዩ። «ተሳስተሃል። ኑር ሱልጣን ናት። አሸናፊው ሰበታ።»

አዳራሹ ተናወጠ። ኪሩ ወንበር ላይ ወጣ። እኔ ቲቸር ገርባን አቅፌ እየዘለልኩ ሳለ አንድ እጅ ሲወጣ አየሁ። ያቺን እጅ አውቃታለሁ።

«ልጁ ልክ ነው» አለች ዱርሲቱ። «ኑር ሱልጣን የተባለችው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። የድሮ ስሟን መልሰውላታል።»

«ተቀመጪ» አልኳት እጅጌዋን እየጎተትኩ። «ሉሉ ይቅርብሽ?»

«እና አስታና ትቅር?» አለችኝ።

ዳኛው ስልካቸውን አውጥተው ፈለጉ። «አስታና» አሉ በመጨረሻ፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። ሱሉልታ አሸነፈ። ጂሬኛ ሉሉን ታቅፎ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። «አንዴ አዙሪው» አላት። በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ እስኪቆም ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሚናገር ጠፋ። ዱርሲቱ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋለች። ተናድጄባት ነበር፤ ግን ያ ዝምታዋ ከንዴቴ በላይ ከበደኝ። ዓመቱን ሙሉ ዝም እንድትል ስመኝ የኖርኩት እኔ ዝም ስትል አልቻልኩም።

«ዱርሲቱ፣ ካዛኪስታንና ሞንጎሊያ ይዋሰናሉ?»

ቀስ ብላ ዞረች። «አታውቅም?»

«አላውቅም።» አውቅ ነበር፤ ራሷ ነግራኛለች።

«ለጥቂት ነው የማይነካኩት» አለች፣ ቀና እያለች። «ከላይ ራሺያ፣ ከታች ቻይና መሃላቸው ይገባሉ። ኪሩ፣ እጅህን ስጠኝ፤ አንተ ራሺያ ነህ።»

ኪሩ በደስታ ራሺያ ሆነ። ኦቦ ሊቤ ሬዲዮውን ቀነሱ። «ሞንጎሊያስ ባህር አላት?» አሉ ከፊት። የዱርሲቱ ዓይን በራ፤ አዲስ ተማሪ ተገኘ።

ሰበታ መግቢያ፣ ዓለም ገና ከተማ ስንደርስ ገና ከሞንጎሊያ አልወጣንም ነበር።