ለሦስት የተዋጠ የአንድ ሰው ክኒን

የእኛ ሰው በሽታን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሚታይና የማይታይ። የሚታየውን ሐኪም ያክመዋል፤ ለማይታየው ግን መድኃኒቱ «ተይው፣ ያልፋል» ነው። ይሄ «ተይው» ከምግብ በፊት ይወሰድ ከምግብ በኋላ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እኔን የያዘኝ የማይታየው ነበር። እዚህ ሪያድ ያ ሁሉ ግርግርና የስደተኛ አፈሳ ሲያልፍ ከጓደኞቼ ጋር ከመንፉሐ ሰፈር ወደ መንሱራ ቤት ቀየርን፤ እንቅልፌን ግን እዚያው ረስቼው መጣሁ መሰለኝ። እህል አልወርድ አለኝ፤ እንባዬም ያለ ፈቃዴ ይወርዳል። የምሠራው ባዲዓ ሰፈር፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። የሙሽራ ፀጉር እያጠብኩ ሳለቅስ የያዘችኝ አሠሪዬ መዳም፣ ኢቃማዬ እስኪያልቅ ካልተስተካከልኩ ኸላስ፣ በቃ፣ እንደማታሳድስልኝ ነገረችኝ። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው እዚህ መጨረሻው ተርሒል፣ ወደ አገር መጠረዝ ነው። ፈራሁ፤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሱዳናዊው ሐኪም ክኒን አዘዘልኝ። በየቀኑ ጠዋት አንድ፤ ቶሎ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ብትረሺ ደርበሽ አትውሰጂ፣ ተሻለኝ ብለሽም በራስሽ አታቋርጪ አለኝ። ለማንም አታካፍዪ አላለኝም፤ እንዴትስ ያስበው?

አብረውኝ የሚኖሩት የወሎዋ ሰዓዳና የጎጃሟ ትሁኔ ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ቤት በተመላላሽ ይሠራሉ። እኛ ቤት ለብቻ የሚበላ ነገር የለም፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? ትሁኔ ክኒኑ ለጭንቀት መሆኑን ስትሰማ፣ እህቴ፣ ያልተጨነቀ ማን አለ ብላ አንድ ዋጠች። ሰዓዳ ከአሠሪዋ ጋር በተጋጨች ቁጥር ትወስዳለች። እኔም በየቀኑ ስውጥ ስግብግብ የሆንኩ መሰለኝና ባልከፋኝ ቀን መተው ጀመርኩ። ራሱን ላላመመው ሰው የራስ ምታት ክኒን ምን ያደርግለታል?

ሰዓዳን አጥወለወላት፣ ትሁኔ እንቅልፍ አጣች፣ እኔም አለቀስኩ፤ ያውም መዳም ፊት።

ተመልሼ ሄጄ ለሐኪሙ ይህን ነገርኩት። ለአንዷ የታዘዘ ሌላዋን ሊጎዳ ይችላል፣ የጨነቃቸው ራሳቸው ይምጡ፤ አንቺም ሳታሰልሺ ውሰጂ፣ ለእነሱም አስረጂያቸው አለኝ።

አስረዳኋቸው። ምነው ባላስረዳሁ! መካፈሉ ሲቀርባቸው ጥበቃውን ተካፈሉት። ሰዓዳ ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሰላት ስትነሳ እኔንም ትቀሰቅሰኛለች። ትሁኔ፣ በሽተኛ አይጾምም ብላ በጾም ቀን ሳይቀር ገና በጠዋቱ ዳቦ ታጎርሰኛለች። ያላ ዋጪ፣ ያላ አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ ይሉኛል። ለወህኒ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ፍተሻ ይበዛበታል። ግን ልንገራችሁ፣ ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ በላሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረምና ደስ ይለኝ ነበር።

ሳምንታት አልፈው እንቅልፌ ተመለሰ። ሙሽሮቹን ሳላለቅስ አጠብኩ፤ መዳምም ኢቃማዬን አሳደሰች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐኪሙ ደስ ብሎት፣ ከእንግዲህ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነስን እንተወዋለን አለኝ። እየበረርኩ መጥቼ አበሰርኳቸው።

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ትሁኔ ኮስተር ብላ፣ ሐኪሙ ይህን የወሰነው ከማን ጋር ተማክሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ።