ክፍል ሦስት ላይ የመጣው ሰውዬ

ትዳር የሚያደናቅፈው ድህነት ነው የሚሏችሁን አትመኑ! አማትም አይደለችም፤ የጎረቤት ወሬም አይደለም። ፊልም ነው... ያውም ክፍል ሦስት!

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም ግብርና ጽሕፈት ቤት ተመድቤ ስሠራ፣ የቪዲዮ ካሴት በነገሠበት ዘመን ነው። ያኔ ሉባባ የምትባል ልጅ ልቤን ወስዳው ነበር። (እሷም አልጠላችኝም። ይኼን ያለችው ራሷ ናት፤ እኔ አልጨመርኩም።) ወንድሟ ሰይድ ጅዳ ሠርቶ የተመለሰ፣ ዴክና ቴሌቪዥን ይዞ መጥቶ ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት የከፈተ ሰው ነው። እንግዲህ ብልህ ብሆን ኖሮ፣ በወደፊት አማቼ ቪዲዮ ቤት ዝም ብዬ አይቼ ዝም ብዬ እወጣ ነበር።

ሰይድ አንድ ተከታታይ የጠፈር ፊልም አምጥቶ ነበር። አክተሩ የጠፈር መርከብ አዛዥ ነው፤ ከሌላ ኮከብ ከመጡ ጠላቶች ጋር ይዋጋል። ክፍል አንድና ክፍል ሁለት ላይ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጩ የገባ ሰው ነው። ክፍል ሁለት ሲያልቅ ሚስቱን ተሰናብቶ ወደ ሩቅ ኮከብ ይሄዳል። ክፍል ሦስት ሲጀምር በር ይንኳኳል፣ ሚስቱ ትከፍታለች፣ ይገባል... ሌላ ሰው! ጉንጩ የሞላ፣ ደንዳና፣ ቁመቱ ያጠረ! ሴትዮዋ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አንገቱ ላይ ተጠመጠመች! «ማነህ?» የለ፣ «ከየት መጣህ?» የለ!

ዝም ማለት አቃተኝ።

«ይኼ ሰውዬ አስመሳይ ነው! ጠላቶቹ የላኩት ነው!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«እሱ ራሱ ነው!» አለ ሰይድ ከዴኩ አጠገብ።

«ፊቱስ?»

«አገር ለአገር የዞረ ሰው ፊቱ ይለወጣል! እኔ ከጅዳ ስመጣ እናቴ በር ላይ ‹ማን ልበል?› አላለችኝም?»

«ቁመቱስ? ጅዳ ቁመት ያሳጥራል?»

ቤቱ በሙሉ አውካካ። ሰይድ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መካነ ሰላም «እሱ ነው» ባይና «እሱ አይደለም» ባይ ተብላ ለሁለት ተከፈለች። ለሥራ ወደ ጎረቤት ወረዳ፣ ወደ ከላላ ብሄድ ወሬው በበቅሎ ቀድሞኝ ደርሷል! አንድ ምስኪን ተመልካች «ምናልባት ተዋናዩን ቀይረውት ይሆናል» ቢል፣ ሁለታችንም ወገኖች በአንድ ድምፅ «አርፈህ ተቀመጥ!» አልነው። እንዲህ ባለ ቁም ነገር ይቀለዳል? እኔ የ«አይደለም» ባዮች አለቃ ሆንኩ። «ፊቱ ለተለወጠ ሰው በር አይከፈትም!» የሚለው መፈክርም የኔ ድርሰት ነው። ኩራቴን ብታዩት!

በዚሁ ኩራቴ ላይ እያለሁ ሽማግሌ ላክሁ። የሰፈራችን የቁርኣን አስተማሪ ሸህ ይማም ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ እነሉባባ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ። «አባትየው ሊሰጡ ነበር። እናትየው ከጓዳ ብቅ ብለው ‹ወላሂ አይሆንም! የኔ ልጅ ከስደት ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነው የመጣው። ይኼ ልጅ ደግሞ ፊቱ ለተለወጠ በር አይከፈት ይላል አሉ! በሰው አገር ለተንከራተተ ልጅ እንዲህ ይባላል?› ብለው አለቀሱ።»

ክው አልኩ። ለካ እኚያ እናት ልጃቸውን በር ላይ ያላወቁበት ቀን እስካሁን ያንገበግባቸው ኖሯል! አሳዘኑኝ።

«ሸሆቼ፣ እኔ ያልኩት ስለ ሰይድ አይደለም፤ ስለ ሰውዬው ነው።»

«የትኛው ሰውዬ? የማን ልጅ ነው?»

«ሰውዬውማ የለም... ፊልም ነው። የሚኖረውም ሰማይ ላይ ነው።»

ሸህ ይማም ጺማቸውን ያዙ። «እና ለሌለ ሰው ብለህ ያለችውን ልጅ ልታጣት? ያ ረቢ! በል፣ በሰው ፊት የተናገርከውን ሂድና በሰው ፊት አንሳ!»

አነሣሁ። በገበያ ቀን፣ ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ቆሜ «እሱ ራሱ ነው! አገር የዞረ ሰው ይለወጣል፤ በርም ይከፈትለታል!» አልኩ። ወገኖቼ «ከሃዲ!» እያሉ ሲጮሁብኝ፣ ሰይድ ዴኩን አቁሞ መጥቶ አቀፈኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሸህ ይማም እንደገና ሄዱ። እኔ ደጃቸው ላይ እየተንቆራጠጥኩ ጠበቅኋቸው።

«ሰጡኝ?»

«አባትየው ሰጡ። እናትየውም መረቁ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«ቆይ እንጂ... ልጅቱ እምቢ አለች።»

«ምን?!»

«‹እኔን የጠየቀኝ ልጅ፣ እሱ አይደለም ብሎ ድርቅ የሚል ሰው ነበር። ይኼኛው ደግሞ እሱ ነው ይላል። ያው ራሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?› አለች።»

«አንቱስ ምን አሏት?»

«ምን እላለሁ? እኔም ተጠራጠርኩ!»

በሩጫ ሄድኩ። ሉባባን ከቤታቸው ጀርባ፣ አጥሩ ሥር አገኘኋት። ግራ ቀኝ አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሌላ ሰው ነው! ቁመቱን አላየሽም?» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። «አሁን አንተው ነህ!» አለችኝ።

ይኸው ተጋብተን፣ ልጆች ወልደን እንኖራለን። ሰይድ ግን ይኼን የአጥር ሥር ነገር እስከ ዛሬ አልሰማም... ስለዚህ ይህን ጋዜጣ ይዛችሁ ወደ መካነ ሰላም የምትሳፈሩ ወገኖቼ፣ አላህ ያክብራችሁ፣ መንገድ ላይ ይቺን ገጽ ገንጥላችሁ ቆሎ ጠቅልሉባት!